«ከርሞ» እና የወደፊት ጊዜ፤ በጆን ምቢቲ አሳብ ላይ የቀረበ ሒስ

ኬንያዊው ሊቅ ጆን ምቢቲ በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና ባሳተመው መጽሐፍ፥ በአፍሪካውያን ባህላዊ አስተሳሰብ ረዥም ኀላፊ ጊዜና የአሁን ጊዜ እንጂ የወደፊት ጊዜ የለም ለማለት ይቻላል ሲል አስረድቷል። ዋና ማስረጃው የኪካምባና የጊኩዩ ቋንቋዎች ግስ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲያ ያለውን ጊዜ የሚገልጽ ቃል አልተገኘባቸውም ይላል። ከሁለት ቋንቋዎች ተነሥቶ ስለ አህጉር መፍረድ ማስረጃውን ከዐቅሙ በላይ ማሸከም ነው። ከዚህ የሚጠልቀው ጥያቄ ግን፥ የግስ መልክ የአሳብ ወሰን ይሆናልን? የሚለው ነው።

አማርኛ በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ፍርዱ ባልቀረለትም ነበር። ላለፉት ዓመታት «አምና» እና «ካቻምና» ሲኖሩት፥ ለሚመጣው ያለው «ከርሞ» ነው፤ እርሱም በመልኩ «ከረመ» ከሚለው ግስ ቦዝ አንቀጽ ጋር አንድ ነው። «ይመጣል» የዘወትሩንም የወደፊቱንም ድርጊት ይይዛል፤ ገና በመንገድ ያለ ሰውም ሲጠሩት «መጣሁ» ብሎ በኀላፊ ግስ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ በአምባሰል ወደምትገኘው ግሸን ማርያም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚወጣውን ሕዝብ መመልከት ይገባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን እንዳስቀመጡበት በትውፊት በሚነገረው በዚህ መስቀለኛ አምባ፥ ከተሳላሚው ብዙው ስለት አለበት። «ብትሰጪኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው ያልሆነውን ነገር በቃል አስሮ ራሱን ለሚመጣው ዘመን ባለዕዳ ያደርጋል፤ ሲለያይም «የከርሞ ሰው ይበለን» ይላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር በዓላትንና አጽዋማትን አስቀድመው ያሰላሉ።

እርግጥ ምቢቲ፥ ረዥሙ የወደፊት ጊዜ ለአፍሪካውያን የመጣው ከክርስትና ስብከትና ከምዕራባውያን ትምህርት ነው ይላል፤ ስለትና ቀመርም የቤተ ክርስቲያን ናቸው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ መልስ የራሱን ማስረጃ ያፈርሳል። ትምህርቱ ሲገባ አሳቡ የረዘመው ግሱ ሳይለወጥ ከሆነ፥ ቀድሞም አሳቡን የወሰነው ግሱ አልነበረም።

ስለዚህ የሰዋስው ሠንጠረዥ ይዞ አንድን ሕዝብ «ነገ የሌለው» ማለት ቀላል ፍርድ አይደለም፤ ሕዝቡ ለነገው ማሰብ አይችልም እስከ ማለት ያደርሳልና። የባህል መርማሪ ግሱን ከመቁጠሩ አስቀድሞ፥ ሰዎች በግሱ ምን ቃል እንደሚገቡ ሊያደምጥ ይገባዋል።