ከርቤ በልጆች እጅ

የጌታን ልደት ለሕፃናት ማስተማር የሚጀመረው በዋዜማው ሳይሆን ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ትንንሾቹን የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ። ለመጾም ያልደረሰ ልጅ እንኳ ከማዕዱ ላይ እንቁላልና ቅቤ መጥፋቱን ያያል፤ «ለምን?» ይላል። የምፈልገውም ይህንኑ ጥያቄ ነው። ነቢያት የአምላክን መምጣት እየናፈቁ ብዙ ዘመን ጠበቁ፤ እኛም አብረናቸው እንጠብቃለን። ያልጠበቀ ልጅ ገና ሲደርስ የሚታየው ዶሮውና አዲስ ልብሱ ነው፤ የጠበቀ ግን ማን እንደመጣ ይጠይቃል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አላት። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በስብከት ኢሳይያስ ስለ ድንግል፣ ሚክያስ ስለ ቤተ ልሔም የተናገሩትን እተርካለሁ። በብርሃን መስኮቱን ጋርደን አንድ ጧፍ እናበራለን። ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ፣ ላይ ግን እቆያለሁ፤ የአዲስ አበባ ልጅ በግን የሚያውቀው ለበዓል ሲጎተት እንጂ እረኛ ሲከተለው አይደለምና። ስለዚህ የታኅሣሥን ውርጭ አስታውሳቸዋለሁ። በዚህ ብርድ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ማን ያድራል? ምሥራቹስ ለሄሮድስ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ለእረኞች ቀድሞ የተነገረው ለምንድን ነው? «ስላልተኙ ነው» የሚል ልጅ አለ፣ «ድሆች ስለሆኑ» የሚልም አለ። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

«አምላክ እንዴት ይወለዳል? ከመወለዱ በፊትስ የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። «ስታድግ ይገባሃል» ብሎ ማለፍ ልጁን ማሳዘን ነው። አባቶች ያስተማሩን ለሕፃን አፍ ይመቻል፤ ጌታ ሁለት ልደት አለው፣ ከዘመናት በፊት ከአብ ያለ እናት፣ በኋላ ዘመን ከእመቤታችን ያለ አባት። ይህን በቃላቸው እንዲይዙት አደርጋለሁ። ምሳሌ አልጨምርበትም፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ተብሎ የሚፈለግ ምሳሌ ምሥጢሩን ከሚያቀናው የሚያጣምመው ይበልጣል። በቃሉ የያዘውን ግን አድጎ ሲያስቀድስ ያገኘዋል።

ከሁሉ የምወደው የሰብአ ሰገልን ስጦታ የማስተምርበትን ቀን ነው። ለወርቁ የጋብቻ ቀለበቴ ይበቃል፤ ዕጣኑንና ከርቤውን ከገበያ ገዝቼ እሄዳለሁ። ሁለቱም ከአገራችን ዛፎች የሚገኙ ሙጫዎች ናቸው፤ ዕጣኑ ከመተማና ከትግራይ፣ ከርቤው ከቦረናና ከሶማሌ ቆላ። ዕጣኑን ገና ሳይከፈት በሽታው ያውቁታል። ከርቤው ግን እንግዳ ነው። ቀላ ያለ ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ አቧራ የለበሰ። እየተቀባበሉ ያሸቱታል፤ ደፋሮቹ ምላሳቸውን ያስነኩትና ፊታቸው ይጨማደዳል። አንዴ ከመካከላቸው አንዲቱ «ለሕፃን መራራ ነገር ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ።

ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለክህነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ እንደሆነ ነገርኳት። ኒቆዲሞስ ጌታን ሊገንዝ ሲመጣ ከርቤና እሬት ይዞ እንደነበረም ጨመርኩ። በገና ሰሞን ስለ መስቀሉ መንገር ልጆችን ያስጨንቃል የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው የሆነው ሊያድነን መሆኑን ካልነገርነው ለልጁ የሚተርፈው የአንድ ሕፃን የልደት ቀን ብቻ ነው። ደግሞም ልጆች ይችሉታል። ከርቤውን ቀምሰዋል።

ስለ ገና ዛፍና ስለ ገና አባት ክፍል ውስጥ አልከራከርም። ዛፉ እቤቱ ያለውን ልጅ በእናቱ ቤት እንዲያፍር ካደረግሁት ጆሮውን አጣዋለሁ።

ትምህርቱ ታኅሣሥ 29 አያልቅም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በ12 ቀን ውስጥ በግርግም የተኛው ሕፃን የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ዮርዳኖስ ይወርዳል። ልጆች ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም። ስለዚህ በመካከል ያለችውን ሰንበት ለናዝሬት አውላታለሁ፤ ለእናቱና ለዮሴፍ እየታዘዘ ስለማደጉ፣ በ12 ዓመቱም በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲጠይቅ ስለመገኘቱ እንነጋገራለን። ይህን ታሪክ ከፍ ያሉት ልጆች በተለይ ይወዱታል፤ ከሉቃስ ወንጌል እነሱ እየተፈራረቁ ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ።