«መጋጨት» ወይስ «ማበርታት»? ስለ እንቅልፍ መድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች አተረጓጎም የቀረበ ሒስ

አንድ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ወይም ከመጠጥ ጋር በአካል ውስጥ ሲገናኝ የሚያሳየውን ለውጥ ለመግለጽ ተርጓሚዎቻችን የሚያዘወትሯቸው ቃላት «መስተጋብር»፥ «አለመስማማት» እና «መጋጨት» ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጡት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሲነገር ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ነገሩን ገልብጠው የሚያሳዩ ሆነው አግኝተናቸዋል።

«ዳያዚፓም ከአረቄ ጋር ይጋጫል» የሚለውን እንውሰድ። ጠበኞች ቢሆኑማ አንዱ የሌላውን ኃይል ባበረደ ነበር። ሁለቱ ግን በአንድ ወገን ተሰልፈው አንጎልን ያደነዝዛሉ፤ ትንፋሽንም እስከ ማዳከም ይደርሳሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዳያዚፓምንና ዘመዶቹን እንደ ሞርፊን ካሉ ብርቱ የሕመም መድኃኒቶች ጋር ስለ መውሰድ ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ወገኖች «ማስታገሻ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ይህን ማስጠንቀቂያ እንዴት አድርጎ እንደሚተረጉመው እንጃ!

በአንጻሩ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የጉበትን ሥራ ስለሚያፋጥን ዞልፒዴም ቶሎ ተሰባብሮ ኃይሉ ይቀንሳል። ለዚህ ሕዝቡ ቃል አያጣም፤ «የመርዝ ማርከሻ» እንደሚል ሁሉ፥ ሪፋምፒሲን ዞልፒዴምን «ያረክሰዋል» ቢባል የማይገባው የለም። ለፊተኛው ጠባይ ደግሞ «ያበረታዋል» የሚለውን እናቀርባለን። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲቆም ምስጋና ስለሚመስል «ከልክ በላይ» የሚል ሊቀድመው ይገባል።

«መስተጋብር» ሁለቱንም ጠባይ ስለሚያጠቃልል ለባለሙያዎች መጻሕፍት አርእስትነት ይቆይ። በ«መስተዋድድ» እና በ«መስተጻምር» እንደምናየው «መስተ» የሚለው ቅጥያ ብዙውን ጊዜ አድራጊውን እንጂ ድርጊቱን አያመለክትም የሚል ሰዋስወኛ ቢነሣ ግን ክርክሩ መሠረት አለው።

ከሁሉ የሚከፋው «ከአልኮል ጋር አይወሰድ» የሚለው ነው። በደቡብ ጎንደር፥ የደራ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ወደ አንበሳሜ ለገበያ የወጣ ገበሬ «አልኮል» ሲባል ቁስል የሚታጠብበት ፈሳሽ ሊመስለው ይችላል፤ በቤቱ የተጠመቀውን ጠላ ከዚያ አይቆጥረውም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲህ ቢጻፍ እንመርጣለን፦ «ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ጠላ፥ ጠጅ፥ አረቄም ሆነ ሌላ የሚያሰክር መጠጥ አይጠጣ፤ መጠጡ መድኃኒቱን ከልክ በላይ ያበረታዋል፤ ትንፋሽንም ሊያቋርጥ ይችላል።»