የማይሰምጥ፣ ግን እያደር የሚከብድ፦ የአባያ ጀልባ ንድፍ ሲፈተሽ

ከወላይታ ሶዶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ በግራችሁ ቀላ ያለ ሰፊ ውሃ ይታያችኋል። አባያ ሐይቅ ነው። ቅላቱ የመጣው እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ከሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች ሲቀዝፉበት የኖሩት ከአምባች ግንድ የሚታሰር ጀልባ አለ። ስለ እሱ ሲጻፍ ወይ «ውብ ባህላዊ ጀልባ» ይባላል፣ ወይ «ኋላ ቀር» ይባላል። ሁለቱም ቃላት አንድ ችግር አለባቸው፤ ጀልባው እንዴት እንደሚሠራ ሳንጠይቅ እንድናልፍ ያደርጉናል።

እስቲ ዛሬ አንድ መሐንዲስ የሌላውን መሐንዲስ ሥራ እንደሚገመግም እንገምግመው። ጥያቄያችንም አንድ ይሁን፦ ይህ ጀልባ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ምን ያህል ይበጃል?

እንጨቱ

አምባች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥና ዳር ዳሩን የሚበቅል፣ ከባቄላ ዘመዶች የሚመደብ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤስኪኖሜኔ ኤላፍሮክሲሎን ይባላል። ሁለተኛው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ቀላል እንጨት» ነው፤ ስም አውጪዎቹ ብዙም አልተጨነቁም ማለት ነው። ግንዱ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጫጭን ጫፎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ማሰር ሾጣጣ አፍንጫ ይሰጣል፤ መጥረብ ሳያስፈልግ ተክሉ ራሱ ግማሹን ቅርጽ ሠርቶታል።

አሁን ወደ አርኪሜድስ እንሂድ። ለስሌት እንዲመቸን ደረቁ አምባች በሜትር ኩብ 200 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ውሃ 1000 ኪሎ ነው። ቀዛፊውና ጓዙ 80 ኪሎ ይሁኑ። ጀልባው 200 ሊትር የሚያህል እንጨት ቢኖረው የራሱ ክብደት 40 ኪሎ ነው። ጠቅላላው 120 ኪሎ ሆነ፤ ስለዚህ 120 ሊትሩ ይጠልቃል፣ 80 ሊትሩ ከውሃ በላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ የንድፉ ትልቁ ብልሃት ይታያል። ጀልባው ባዶ ሆድ የለውም። ሞገድ ቢያልፍበት ውሃው በግንዶቹ መሃል ወርዶ ይሄዳል፤ የሚቀዳ ውሃ የለም። ቢገለበጥም እንጨቱ እንጨት ነውና ይንሳፈፋል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጎትቶ የሚያወጣው ጓደኛ አጠገቡ የለም።

ጉድለቱ

ችግሩ አምባች ውሃ መጠጣቱ ነው። ያው 200 ሊትር እንጨት ረጥቦ ክብደቱ ከ40 ኪሎ ወደ 80 ቢያድግ ጠቅላላው 160 ኪሎ ይሆናል፤ ከውሃ በላይ የሚቀረው 40 ሊትር ብቻ ነው። 120 ኪሎ ሲደርስ ደግሞ ጠቅላላው ልክ 200 ኪሎ ይሆናል። በቃ፣ ትርፍ የሚባል ነገር አልቋል። ጀልባው አልተሰበረም፣ አልተቀደደም፤ እናንተ ግን ውሃ ላይ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ተቀምጣችኋል። አባያ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

ይህን ንድፍ የምተቸው በዚህ ነው፦ ደኅንነቱ በየቀኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ግን የለውም። የሚያውቀው በልምድ የሚለካው ባለቤቱ ብቻ ነው። የጣና ታንኳም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ ደንገሉ እንዳይበሰብስና እንዳይከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና በሄደ ደንገል የተሠራችውን «ራ» ይዞ አትላንቲክን ሊሻገር ሲነሳ ያጋጠመውም ይኸው ነው። የጀልባዋ የኋላ ክፍል ውሃ ጠጥቶ ዘቀጠ፤ ተጓዦቹም ካሪቢያን ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ የተሠራችው «ራ 2» ግን ባርቤዶስ ደርሳለች።

ሁለተኛው ጉድለት ጎን ማጣቱ ነው። አባያ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 13 ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጎን የሌለው ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ሞገድ እናንተ ላይ ያርፋል።

ተተኪው ይሻላል?

ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ቀፎ ብንሠራስ?» እንደምትሉ እገምታለሁ። እናስላው። 5 ሜትር ካሬ ስፋት፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ እንጨቱ 20 ሊትር ብቻ ነው። በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ብንለው 10 ኪሎ ይመዝናል። አጥንቱን፣ ሙጫውንና ቀለሙን ጨምረን 20 ኪሎ እንበለው። የአምባቹ ግማሽ ነው! ጎንም አለው፣ በትንሽ ጉልበትም ይሄዳል።

ግን ውሃ ይሙላበት። ያ 20 ሊትር ኮምፔንሳቶ 10 ኪሎ የሚመዝን ስለሆነ የሚተርፈው የማንሳት አቅም 10 ኪሎ ብቻ ነው። እናንተን ቀርቶ ጓዛችሁንም በወጉ አይችልም። እንዲህ ያሉ ንድፎች ሲሞገሱ ቀድሞ የሚጠራው ክብደታቸው ነው፤ ውሃ ሲሞሉ ምን እንደሚሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም። በዚህ መለኪያ «ኋላ ቀሩ» ጀልባ ይበልጣል። በዚያ ላይ ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ተራ ኮምፔንሳቶ ሙጫው ውሃ ስለማይችል ንብርብሩ ይላቀቃል።

አቀዛዘፉም ይታሰብበት። በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ጀርባን ወደፊት ሰጥቶ መቅዘፍ ኃይል ይሰጣል። ነገር ግን ጉማሬና አዞ ባለበት ሐይቅ ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወደየት እንደሚሄድ አለማየቱ ክፉ ልውውጥ ነው። የአባያ ቀዛፊ ፊቱን ወደፊት አድርጎ መቀመጡ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ንድፍ የሁለቱ ልጅ ነው፦ ቀጭን የእንጨት ቀፎ፣ ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀ፣ ከፊትና ከኋላው ግን ውሃ የማይገባበት ክፍል ያለው። ክፍሉን መሥራት ከከበደ ክዳናቸው የጠበቀ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ በደንብ ቢታሰሩ ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ማንሳት ይሰጣሉ። ጀሪካን ደግሞ እንደ አምባች ውሃ አይጠጣም።

ማንም የሠራላችሁን ወይም ራሳችሁ የሠራችሁትን ጀልባ ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን ፈትኑ። አዞ በሌለበት፣ ወገብ በማያልፍ ውሃ፣ ከጓደኞች ጋር፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳችሁ ጀልባውን ሆን ብላችሁ ውሃ ሙሉት። ከዚያ ግቡበት። ከነውሃው ካልተሸከማችሁ ሚዛን ላይ 20 ኪሎም ይምጣ 15፣ ብቻችሁን አትሂዱበት።