ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሀብት

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣቶች የሚያነቡት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ብለው ነው። እኔ ግን ፊታውራሪ መሸሻን እንድንመረምር እወዳለሁ። ፊታውራሪ የሚነቀፉት ባለጠጋ በመሆናቸው አይደለም፤ ነውራቸው ሀብታቸው ከገበሬው ላብ መምጣቱን ረስተው፣ መቀበልን እንጂ መመለስን አለማወቃቸው ነው። ከልማዱ በላይ ግብር በጠየቁ ጊዜ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ ሊያስገድዷቸው ቢዘምቱም ተማረኩ።

ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ላይ አንድ ነቀፌታ አለኝ። ደራሲው ፊታውራሪን እጅግ አስቂኝ ስላደረጓቸው፣ አንባቢው ስቆ ያልፋቸዋል እንጂ ራሱን በእሳቸው ውስጥ አይፈልግም። በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼም እንዲሁ ይስቁ ነበር። የባለመሬትና የጭሰኛ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፤ ጠባዩ ግን አልቀረም። የመዘዞ ልጅ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ስንቁን የሚቋጥሩለት ገብስ አራሽ ወላጆቹ ናቸው። ተምሮ ሹመትና ገንዘብ ካገኘ በኋላ ላሳደገው ትምህርት ቤት አንድ መጽሐፍ እንኳ ካልላከ፣ እሱም ካባ ያልደረበ ፊታውራሪ መሸሻ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ትልቅ ለመሆን መመኘት መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ስትከድን «ያበላኝ ማን ነው? ምንስ መለስሁለት?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።