ጥበብ በትርፍ ሰዓት

«ጥበብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል። በአንድ በኩል የአእምሮን ብልኀትና የኪነትን ሥራ ያመለክታል፤ በሌላ በኩል በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚጣለውን ጌጥ ይሰይማል። አንድ ሕዝብ የልብሱን ጠርዝ በዚህ ቃል ሲጠራ፣ ሸማ ከብርድ መከላከያነት ያለፈ ነገር መሆኑን መመስከሩ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውም ብሂል የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ልብስ በአደባባይ የሚነበብና ማኅበረሰቡ የሚፈርደው ሥራ ነው። ይሁንና ሥራው የተከበረውን ያህል ሠሪው አልተከበረም። ሸማን ለብሶ ሸማኔን መናቅ፣ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ማዋረድ፣ የፊውዳሉ ሥርዓት ካወረሳቸው አሳፋሪ ልማዶች አንዱ ነበር።

«ትርፍ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። «ትርፍ ጊዜ» ሲባል ከዋናው ሥራ የተረፈው ሰዓት ነው፤ «ትርፍ» ብቻውን ሲነገር ደግሞ ከወጪ በላይ የተገኘው ገንዘብ ነው። ቀን በመሥሪያ ቤት እየዋሉ ማታ የእጅ ጥበብ ሠርተው የሚሸጡ ወጣት ሴቶች በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ይኖራሉ። ሥራቸው በአንዱ ወገን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እየተባለ ይናቃል፤ በሌላው ወገን «የትርፍ ማግኛ» እየተባለ ይጠረጠራል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ራሱን አይቶ መፍረድ ነው።

ይህ ሂስ የሚመለከተው እንዲህ ያለች አንዲት ወጣት ያቀረበቻቸውን ሦስት ሥራዎች ነው። ስሟን መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም፤ እንደ እርሷ ያሉትን በየመሥሪያ ቤቱ ማግኘት አያዳግትምና። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከጧቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ሰዓት ገቢና ወጪ ስትመዘግብ ትውላለች። ማታ በካሬ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱን ካሬ እንደ አንድ የክር መሻገሪያ ቆጥራ፣ የጥለት ንድፍ ታወጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ንድፉን ይዛ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ትሄዳለች። እዚያም ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመነጨ የሽመና ሙያ ካላቸው አንድ አረጋዊ ሸማኔ ጋር ትሠራለች። የሠርግ ትእዛዝ የሚበዛባት በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚጨናነቀው ደግሞ የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሊዘጋ ሲቃረብ ነው። የራሴ የምትለው ወቅት ክረምት ብቻ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ሥራ መያዙ ራሱ አከራካሪ የነበረበት ዘመን መኖሩ አይዘነጋም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይኖረው ወስኖ ነበር። ያ ገደብ ከተነሣ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሆኖም «አንድ ሰው አንድ እንጀራ» የሚለው አስተሳሰብ ከአዋጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። በኪነ ጥበቡም መስክ ተመሳሳይ ክፍፍል ይታያል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት፣ የትርኢት አዳራሽና ሐያሲ አግኝተዋል። ስሙን ከጥበብ ጋር የሚጋራው ጥለት ግን ገበያ እንጂ ሐያሲ አላገኘም። ስለ ዋጋው ብዙ ይነገራል፤ ስለ ቅርጹና ስለ ይዘቱ የሚናገር ጥቂት ነው።

ለመፍረድ ግን አሠራሩን ማወቅ ይቀድማል። ጥጡን ነድፋ፣ ከባዘቶው በእንዝርት ክር የምታወጣው በአብዛኛው ሴት ናት፤ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የሚሸምነው በአብዛኛው ወንድ ነው። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ጥለቱ በመወርወሪያ ብቻ አይወጣም። ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ የቀለሙን ክር በመካከሉ ያሳልፋል፤ እንዲህ እያለ ረድፍ በረድፍ ይገነባዋል። ስለዚህ በጥለት ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ከመነን ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ነው። ጥበቡ አንድ ቀለም ብቻ አለው፤ እርሱም ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከታች ጠርዝ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሳሳ፣ ከወገብ በታች ነጩን ለነጩ ትቶ ይጠፋል። ወጣቷ ነጩን ጨርቅ ባዶ ቦታ አድርጋ አላየችውም፤ እንደ ራሱ ቀለም ተጠቅማበታለች። ይህ ቁጥብነት ከመዝገብ ጋር የዋለ ዓይን ያመጣው ሥርዓት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ንድፉ ለወረቀት የተሳለ በመሆኑ በጎንና በጎን ስፌቱ ላይ አይገናኝም፤ ለባሿ ስትቆም የሚያምረው መስመር ስትራመድ ይሰበራል። ወረቀት አይራመድም፤ ቀሚስ ግን ይራመዳል። ቢሆንም ይህ የሚታረም ጉድለት ነው፤ የሚያስብ ሰው ስሕተት ነውና።

ሁለተኛው ሥራ የሠርግ ቀሚስ ነው። ከደረት እስከ ጉልበት የወረደ የመኪና ጥልፍ መስቀል አለው፤ በእጅጌው፣ በጀርባውና በታች ጠርዙ ላይ ወርቅማ ጥለት ተደርድሯል፤ በጥለቱ ላይ ደግሞ ዶቃ ተለጥፏል። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ወጣቷ በመጀመሪያው ቀሚስ ላይ ያወቀችውን ሁሉ እዚህ ረስታዋለች። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይደለም። ደንበኛዋ የሌላ ሙሽራን ፎቶግራፍ ይዛ መጣች፤ «ከዚህ በለጥ ያለ» አለች፤ ቀኑም ደርሶ ነበር። በገበያው ላይ ደግሞ ከውጭ አገር ፋብሪካ የገባ፣ ጥበቡ የታተመበት ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ለዚህ ፉክክር ወጣቷ የሰጠችው መልስ መጨመር ነበር፤ ክር መጨመር፣ ቀለም መጨመር፣ ማብለጭለጭ መጨመር። የአካሄዱ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በብዛት መኪናን የረታ እጅ የለም። እጅ ከመኪና የሚበልጠው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ማሰብና መተው በመቻሉ ነው። መተውን የረሳ እጅ ለተፎካካሪው እጅ ሰጥቷል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ታድርግ? ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ኑሮው በትእዛዝ ብቻ የተመሠረተ ሠሪ ትእዛዝን መመለስ አይችልም። ይህች ወጣት ግን የወር ደመወዝ አላት። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም የቤት ኪራይዋን ይሸፍናል፤ ስለዚህ አስቀያሚውን ትእዛዝ «ይቅርብኝ» ለማለት የሚያስችል አቅም ሰጥቷታል። ብዙዎች የቀን ሥራዋን የጥበቧ እንቅፋት አድርገው ያዝኑላታል። ከሥራዎቿ የሚነበበው ግን ተቃራኒው ነው፤ የቀን ሥራዋ ጉልበቷን ይወስዳል፣ ነፃነቷን ግን ይጠብቃል። ስለ ሁለተኛው ቀሚስ የምትወቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነፃነቱ እያላት አልተጠቀመችበትም።

ሦስተኛው ሥራ ነጠላ ነው፤ ከሦስቱም የሚበልጠው እርሱ ነው። ነጠላ በአለባበሱ የሚናገር ልብስ መሆኑ የታወቀ ነው። መስቀለኛ ሲያጣፉት ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ትከሻና አንገት ላይ ሲያርፍ የሐዘን ምልክት ነው። ወጣቷ ንድፏን የመሠረተችው በዚህ ላይ ነው። የነጠላው አንዱ ጫፍ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጥለት ይዟል፤ ሌላው ጫፍ ያንኑ ንድፍ በጥቁር ሰማያዊና በግራጫ ብቻ ይደግመዋል። በደስታ ቀን አንዱ ጫፍ ከፊት ይወርዳል፤ በሐዘን ቀን ሌላው ወደ ትከሻ ይወጣል። ሁለቱ ጫፎች በቅርጽ አንድ ናቸው፤ በቀለም ይለያያሉ። በአንድ ሸማ ላይ ሠርግና ለቅሶ በተመሳሳይ ቋንቋ ተጽፈዋል። የአንዲት ሴት ዓመት፣ በዚህ አገር፣ በእርግጥ የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ ቅዳሜ ሠርግ ቤት የዋለችው እሑድ ልቅሶ ቤት ትገኛለች። ይዘትና ቅርጽ ተዋሐዱ የሚባለው እንዲህ ያለው ሥራ ሲገኝ ነው።

ይህ ነጠላ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ከሥራው ፍርድ አይነጠልም። የመጀመሪያውን ንድፍ ሸማኔው አይተው አልተቀበሉትም። «ልጄ፣ ይህ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በሸማ ላይ ግን ክሩ ይንጠለጠላል፤ ቀለበት ይስበዋል» አሏት። የሳለችው ቅርጽ ሰፊ ስለነበረ የቀለሙ ክር ብዙ ድር ዘሎ ማለፍ ነበረበት። «እንግዲያው አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉታል?» ስትል ጠየቀች። ሽማግሌው ቅርጹን በመካከሉ ከፍለው፣ በክፍሉ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር አስገቡ። ዛሬ ነጠላውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ያንን ነጭ መስመር ነው። በደስታው ጫፍ ላይ እንደ ብርሃን፣ በሐዘኑ ጫፍ ላይ እንደ ስንጥቅ ይታያል። ከንድፉ ሁሉ የላቀው ሐሳብ የመጣው ከሸማኔው ጣት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሸማኔ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው፤ እየሞከረ፣ እየፈታና እንደገና እየጣለ የሚያጠፋው ቀን ከኪሱ ይወጣል። ወጣቷ ደመወዝ ስላላት ልትሳሳት ትችላለች፤ እርሳቸው ግን ለመሳሳት የሚበቃ ገንዘብ የላቸውም። ይህን የተረዳችው የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኗ ይመስላል። ለዚህ ነጠላ ብቻ ክፍያውን በቁራጭ ማሰቧን ትታ በቀን አሰበች፤ በክረምቱ ወራት ሽማግሌው የሚሞክሩበት ቀን አገኙ። ውጤቱ በሸማው ላይ ይታያል። በሠርጉ ቀሚስ ላይ ያሉት ጥለቶች የተጣሉት በዚያው እጅ ነው፤ እጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእጁ ጊዜ ነው። «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፊቶች የታረቁት እዚህ ላይ ነው። ከገንዘቡ ትርፍ የተወሰነው ተመልሶ ትርፍ ጊዜ ሆነ፤ ትርፍ ጊዜው ጥበብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሂስ ከበድ ያለው ነው። በነጠላው ጠርዝ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ምልክት የወጣቷን ስም ብቻ ይዛለች። ነጩን መስመር ያስገቡት ሰው ስም የለም። ማጉን የፈተለችው ሴት ጨርሶ አትታወቅም። ወጣቷ ይህን ያደረገችው በክፋት አይደለም፤ የገበያው ልማድ እንዲህ ስለሆነ ነው። ነገር ግን የአእምሮን ሥራ ከእጅ ሥራ ለይቶ፣ ለአንደኛው ስም ለሁለተኛው የቁራጭ ሒሳብ መስጠት፣ «ቁጢት በጣሽ» ያለው ያ የድሮ ንቀት በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው። ድሮ ሸማኔው በስድብ ስም ይጠራ ነበር፤ አሁን ያለ ስም ቀርቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በየስብሰባው ይነገራል፤ ድሩን ማን እንዳበረው ግን አይጠየቅም።

ሰሚ ቢያገኝ ይህ ጉዳይ ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል። የሥነ ጥበብ መምህራን ጥለትን ከጌጣጌጥ ምዕራፍ አውጥተው እንደ ቅንብር ጥናት ሊያስተምሩት ይገባል፤ በካሬ ወረቀት ላይ የሚሳልና በድር ላይ የሚጣል ንድፍ ልዩነቱን ተማሪው በእጁ ቢያውቀው ከብዙ ንግግር ይሻላል። የትርኢት አዳራሾች ሸማን በበዓል ሰሞን ለማስዋቢያ ከመስቀል አልፈው፣ የሠሪዎቹን ሁሉ ስም ጽፈው እንደ ሥራ ሊያቀርቡት ይገባል። በባህል ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎችም የማታ ሠሪዎችን ሲረዱ «ስንት ሸጣችሁ?» ከማለት አስቀድመው «ምን ለመሞከር ጊዜ አጣችሁ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከወጣቷ የሚጠበቀው ደግሞ ግልጽ ነው። የሁለተኛው ቀሚስ ዓይነት ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣል፤ ጥር በመጣ ቁጥር ይመጣል። ደመወዟ የሰጣትን «አይሆንም» የማለት መብት ትጠቀምበት። ነጠላው በገበያ ላይ ከሠርጉ ቀሚስ ያነሰ ዋጋ ማውጣቱ አያስደንቅም፤ ቢሆንም መንገዷ እርሱ ነው። በሚመጣው ክረምት ከጉድጓዱ ላይ የሚነሣው ሸማ በጠርዙ ሦስት ስም ይዞ ቢወጣ፣ የነዳፊዋን፣ የሸማኔውንና የፈታይዋን፣ ያ ሥራ ጥበብ የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ሊሸከም ይችላል።