የመዓዛ ዘይትና ሆርሞን፤ በብርጭቆ ዕቃ የተገኘው ውጤት ለራቤል ጦስኝ ይበቃልን?

በራቤልና በአካባቢው ደጋ ተወልዶ ጦስኝን የማያውቅ ሰው የለም። ለቅመን አድርቀን እንደ ሻይ እናፈላዋለን፤ ጉንፋንና ሳል ሲይዘንም እንጠጣዋለን። ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ስገባ ነፍሰ ጡር የሆነችው እኅቴ «መዓዛ ያለው ቅጠል ሆርሞን ያዛባል ይባላል፤ ጦስኝ መጠጣቱን ልተው ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ወሬው የተነሣበትን ጽሑፍ ፈልጌ ባነብ፥ የሚወራውና የተጻፈው የተለያዩ ሆነው አገኘኋቸው።

የወሬው ዋና ምንጭ እነ ሄንሊ እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ጥናት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሦስት ወንዶች ልጆች ጡታቸው አበጠ፤ ሦስቱም ላቬንደር፥ ወይም ላቬንደርና ቲ ትሪ የሚባሉት ተክሎች ዘይት ያለበት ሳሙናና ቅባት ይጠቀሙ ነበር፤ መጠቀሙን ሲተዉ እብጠቱ ጐደለ። ተመራማሪዎቹም ዘይቶቹን በብርጭቆ ዕቃ ባደጉ የሰው ሕዋሳት ላይ ቢሞክሩ፥ በጥቂቱ ኤስትሮጅንን የመምሰል፥ የወንዴውን ሆርሞን አንድሮጅንን ደግሞ የመግታት ጠባይ አገኙባቸው።

ጥናቱ ሐኪም ያየውን በላቦራቶሪ ለመመርመር በመነሣቱ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ሦስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ያንኑ ዘይት ተቀብተው ጡታቸው ያላበጠ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ አልተቈጠረም። ሳሙናና ቅባትም ከዘይቱ ሌላ ብዙ ነገር ይገባበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፥ ሕዋሱ በዘይቱ ተነክሮ ይቈያል፤ በሰው ላይ ግን ቆዳው ይከለክላል፥ ጉበቱ ይለውጣል፥ ኵላሊቱ ያስወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 እነ ፖሊታኖ የላቬንደርን ዘይት ላልደረሱ እንስት አይጦች በቆዳቸው ላይ ቢቀቡ የማሕፀናቸው ክብደት አልጨመረም። ይህን ይዞ «ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው» ማለትም ስሕተት ነው፤ ፈተናው የሚመዝነው ኤስትሮጅንን መምሰልን እንጂ አንድሮጅንን መግታትን አይደለምና።

ወደ ጦስኝ እንመለስ። የዘይቱ ዋና ዋና ክፍሎች ታይሞልና ካርቫክሮል ናቸው። ሁለቱም እንደ ኤስትራዲዮል ሃይድሮክሲል የተያያዘበት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት አላቸው። ይህ መመሳሰል ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ቍልፍ ሁሉ ጥርስ አለው፥ ነገር ግን ሁሉን በር አይከፍትም። እነ ዛቫ እ.ኤ.አ. በ1998 የአውሮፓው ጦስኝ ከኤስትሮጅን ተቀባይ ጋራ በርትተው ከሚጣበቁት ዕፅዋት አንዱ መሆኑን ጽፈዋል፤ የመረመሩት ግን በአልኮል የተዘፈዘፈ ሌላ ዝርያ እንጂ በፈላ ውሃ የወጣውን የእኛን ጦስኝ አይደለም።

እንግዲህ «ተፈጥሮ የሰጠው ነውና አይጎዳም» የሚለውም፥ «ሕዋስን ነክቷልና ሰውን ይጎዳል» የሚለውም ሁለቱ ያለ ሚዛን ይፈርዳሉ። የሚሻለው የደጋውን ጦስኝ ሰብስቦ፥ እናቶቻችን እንደሚያፈሉት አፍልቶ፥ በአንድ ስኒ ውስጥ ስንት ዘይት እንደሚገባ መመዘን ነው፤ ከዚያ ወደ ሕዋስ፥ ከሕዋስም ወደ እንስሳ መሄድ ይቻላል። ይህም ለኮሌጃችን ተማሪዎች የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም።

ለእኅቴ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ «ካነበብኋቸው ጥናቶች አንዱም የአንቺን ስኒ አልመዘነም። ስለዚህ በወሬው አትደንግጪ፤ ነገር ግን አታብዢው፤ ለጤና ጣቢያዋም ነርስ ንገሪያት።» ከዚህ የተሻለ መልስ ይዤ ወደ ራቤል ብመለስ ደስ ባለኝ ነበር።