ለልብ ታልሞ ሆድን የመታ

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አንድ ወዳጄ ቁርጥ ቤት ይዞኝ ገባ። «በሬው የየት ነው?» ሲል ሥጋ ቆራጩን ጠየቀው። «የሐረር ነው ጋሼ!» አለው ልጁ፣ ቢላዋውን በሞረድ እያፋጨ። እውነቱን ይሁን ለገበያው፣ እግዜር ይወቀው። ወዳጄ ሳቀና «እኔ እኮ አራት ዓመት አሳማ ፋብሪካ ስሠራ ሙሉ አሳማ አይቼ አላውቅም» አለኝ። «የማየው ትከሻ ብቻ ነው። ትከሻ ይመጣል፣ ትከሻ ይሄዳል።» አገር ቤት ሳለ የአሳማ ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ዛሬም ጠዋት ጠዋት አይታጠፉለትም።

ያን ምሽት የአፕተን ሲንክሌርን «ዘ ጃንግል» ከመደርደሪያዬ አወረድሁ። እሱን እንደጨረስሁም የሮበርት ኬነርን «ፉድ ኢንክ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ደግሜ ተመለከትሁ። አንደኛው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ሁለተኛው የተሠራው በ2008። በመካከላቸው አንድ መቶ ዓመት አለ። ሆኖም ሁለቱም የተሰናከሉት በአንድ ድንጋይ ላይ ይመስለኛል።

ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1904 ሰባት ሳምንት ያህል በቺካጎ ቄራዎች ሠራተኞች መካከል ሰንብቶ ነው የጻፈው። ልቦለዱ በሠርግ ይጀምራል። ሊትዌንያዊው ዩርጊስ ሚስት ያገባል፤ በአገሩ ወግ እድምተኛው ከሙሽራዪቱ ጋር እየጨፈረ ገንዘብ ማዋጣት ሲገባው፣ ብዙው በልቶ ጠጥቶ ሹልክ ይላል። ሙሽሮቹ ኑሮን በዕዳ ይጀምራሉ። የሠርግ ዕዳ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ያገራችን አንባቢ ይህ ምዕራፍ ማብራሪያ አያሻውም። ከዚያ በኋላ ቄራው የዩርጊስን ጉልበት ይመጥጣል፤ ቁርጭምጭሚቱ ሲጎዳም አውጥቶ ይጥለዋል። ደራሲው ይህን ሁሉ የጻፈው ስለ ሠራተኛው እንድናለቅስ ነበር። አንባቢው ግን የደነገጠው ቋሊማው ውስጥ ምን እንደገባ ሲያነብ ነው። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሰኔ 30 ቀን 1906 (እ.ኤ.አ.)፣ የሥጋ ምርመራ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ስለ ሥጋው ንጽሕና ተናገረ፤ ስለ ሠራተኛው ደመወዝና የሥራ ሰዓት ግን ምንም አላለም። ሲንክሌር ራሱ የሕዝቡን ልብ አልሞ ሳያስበው ሆዱን እንደመታ ተናግሯል።

ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ዩርጊስ ሰው መሆኑ ቀርቶ የስብሰባ አዳማጭ ይሆናል፤ ስብከቱ ይረዝማል። ከዚህም የሚከፋው፣ ደራሲው ለሊትዌንያዊው የቸረውን ርኅራኄ፣ በአድማው ጊዜ ከደቡብ ለመጡት ጥቁር ሠራተኞች ነፍጓቸዋል። እነሱን የሣለበት ቀለም የዘረኛ ቀለም ነው።

«ፉድ ኢንክ» ስብከቱ አጭር ነው። ትልቁ ቁም ነገሩም የዶሮ አርቢዎቹ ክፍል ነው። አንዲት አርቢ ሌሎች በራቸውን ሲዘጉ ካሜራውን ዶሮ ቤቷ ታስገባለች። ኋላም ቤቱን ዙሪያውን አልዘጋም በማለቷ ውሏ ተቋረጠ። ሁለት የዶሮ ቤት ያለው ተራ አርቢ ከ500,000 ዶላር በላይ ተበድሮ በዓመት 18,000 ዶላር ያህል እንደሚያገኝ ፊልሙ ይነግረናል። ጫጩቱና መኖው የኩባንያው ነው፤ ቤቱና ዕዳው የአርቢው። የእኛ አገር ጭሰኛ በሰው መሬት ላይ ያርስ ነበር፤ ይህኛው በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኗል! ፊልሙ በቅጡ ያላብራራው ደግሞ የክፍያውን ስልት ነው። አርቢው የሚከፈለው ከጎረቤቶቹ ጋር ተወዳድሮ ነው፤ በጥቂት መኖ ብዙ ሥጋ ያስረከበው ተጨማሪ ሲያገኝ፣ ወደ ኋላ የቀረው ይቀነስበታል። ጫጩቱንም መኖውንም የሚያድለው ኩባንያው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር እንዴት አብሮ ይማከራል?

የከብት አርቢዎቹን ነገር ፊልሙ ከሞላ ጎደል ዘሎታል። አራት ኩባንያዎች ከበሬ ሥጋው ገበያ ከ80 በመቶ በላይ መያዛቸውን ጠቅሶ ያልፋል። ይህ ቁጥር በአርቢው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ያሳየ አንድ ክስ ግን ነበረ። ኩባንያው ከብቱን አስቀድሞ በውል ከያዘ፣ ገበያ ላይ ዋጋ ሲንር ዞር ብሎ አያይም፤ ከብቱን ነድቶ የመጣው ሰው ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአላባማ አንድ የዳኞች ሸንጎ ለአርቢዎቹ ፈርዶ፣ ታይሰን የተባለው ኩባንያ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ይክፈል አለ። ዳኛው ፍርዱን ሻሩት፤ በ2005 የይግባኙ ፍርድ ቤትም መሻሩን አጸና። ሸንጎ ተቀምጦ የፈረደው ፍርድ ባንድ ብዕር መሠረዙ ለፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይፈልጋል?

ስለ ሠራተኞቹ፣ የሰሜን ካሮላይናው ቄራ ሠራተኞች በሌሊት ከመኖሪያቸው ሲታፈሱ የሚታይበት ትዕይንት አለ። ካሜራው ሩቅ ነው፤ ጨለማ ነው፤ አንዲት ቃል አናወጣም። ፊልሙ የሚደመደመውም ለሸማቹ በሚሰጥ ምክር ነው፤ ምን እንግዛ፣ ምን እንብላ። እነሆ ዳግመኛ ሆድ!

በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ የሚገኘው የስሚዝፊልድ የአሳማ ፋብሪካ በኮቪድ ተመታ። የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች ፋብሪካውን ጎብኝተው ባወጡት ጽሑፍ፣ እዚያ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ጠቅሰው ዋና ዋናዎቹን ዘርዝረዋል። ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ሌላ ኩናማ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛም አሉበት። ደረቅ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነው፤ እኔ ግን ከፊልሙም ከልቦለዱም ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ወዳጄ ከመመለሱ በፊት ፊልሙን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሥጋው ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው?» አለኝ።

«እሱንም ይላል።»

«ስለ ቢላዋ መሳልስ?»

አልገባኝም። መስመሩ ስለማይቆም ቢላዋ በደነዘ ቁጥር ለመሳል ፋታ እንደማይገኝ፣ በደነዘ ቢላዋ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ በእጁ ጉልበት እንደሚቆርጥ፣ ጣት የሚሞተውም እንዲያ እንደሆነ አስረዳኝ። ቁርጥ ቤት ያን ልጅ፣ በሁለት ቁራጭ መካከል ቢላዋውን ሲሞርድ፣ ለምን ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከተው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።